ከሰማይ የመጣ የመሰለው ድምፅ

ኤፕሪል 8 ቀን 1960፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ተራሮች በከበቧት ግሪን ባንክ ጉም ወርዷል፤ ብርዱም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የ29 ዓመቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ ስፋቱ 26 ሜትር የሆነ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ላይ ወጥቶ፣ ከሳህኑ ፊት ከፍ ብላ በተንጠለጠለች ጠባብ የብረት ክፍል ውስጥ የማጉያ መሣሪያውን ይቃኛል። (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃኝቶ ሲጨርስ ወረደና ቴሌስኮፑን ታው ሴቲ ወደምትባል ኮከብ አዞረው። ታው ሴቲ ፀሐያችንን የምትመስል፣ ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ ኮከብ ናት። መቀበያው የተስተካከለው 1,420 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር። ይህ በጠፈር ሁሉ የተበተነው የሃይድሮጅን አቶም በተፈጥሮው የሚያስተላልፍበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ሬዲዮ መሥራት የቻለ ፍጡር ሁሉ፣ የትም ይኑር የት፣ ይህን ቁጥር ማወቁ አይቀርም። ስለዚህ ሌሎች እንዲሰሙት የሚፈልግ ካለ እዚያው አካባቢ ይጣራል ብሎ ድሬክ ገመተ።

ከታው ሴቲ ምንም አልተሰማም። ኮከቧ ስትጠልቅ ሳህኑ ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ዞረ። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ የመመዝገቢያው ብዕር ወረቀቱ ላይ ይንፈራገጥ ጀመር፤ ድምፅ ማጉያውም በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ያህል እኩል የተመጠነ ምት ያሰማ ገባ። ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን!

ድሬክ ሳህኑን ከኮከቧ ላይ ሲያነሣው ድምፁ ጠፋ። መልሶ ሲያነጣጥረው ግን አልተመለሰም። ከኮከቧ መጥቶ ነው የተቋረጠው ወይስ ከሌላ ቦታ? ይህን ለመለየት አንዲት ትንሽ አንቴና በመስኮት አውጥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። ከቀናት በኋላ ምቱ ተመልሶ ሲመጣ ትልቁም ሳህን ትንሿም አንቴና እኩል ሰሙት። ከኤፕሲሎን ኤሪዳኒ የመጣ ቢሆን ኖሮ ትንሿ ልትሰማው ባልቻለች ነበር። ምልክቱ ከሰው የመነጨ ነበር፤ ምናልባትም በጣም ከፍ ብሎ ከሚበር አውሮፕላን።

በሌላው ዓለም ሥልጣኔ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ በሬዲዮ የተካሄደው የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ፍለጋ እንዲህ በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። በእነዚህ ዓመታት የሰው ልጅ ስለ ሌሎች ዓለማት ያወቀው ነገር ብዙ ነው፤ ከእውቀቱም ጥቂት የማይባለው የተገኘው ከሰማይ የመጣ የመሰለው ነገር ሌላ ሆኖ በተገኘባቸው ጊዜያት ነው።

“ሁሉም የት አሉ?”

ከድሬክ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1950፣ የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ በሎስ አላሞስ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ምሳ ሲበላ ጨዋታውን አቋርጦ “ሁሉም የት አሉ ታዲያ?” ብሎ ጠየቀ። ባልደረቦቹ ስለ ማን እንደሚያወራ ወዲያው ስለገባቸው ሳቁ። ጥያቄው ግን ቀላል አልነበረም።

ፀሐያችን ያለችበት ፍኖተ ሐሊብ የተባለው ጋላክሲ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከቦች አሉት። ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይሰፋል። በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚጓዝ መንኮራኩር መሥራት የቻለ ሥልጣኔ ቢኖር ይህን ስፋት በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያቋርጠዋል። ምድር ብቻዋን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች፤ ጋላክሲው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጊዜው ከበቂ በላይ ነበር። ታዲያ አንድም ምልክት ያልታየው ለምንድን ነው?

ድሬክ ጥያቄውን ሊለካ በሚችል መንገድ አስቀመጠው። በ1961 ግሪን ባንክ ላይ አሥር ያህል ሳይንቲስቶች ሲሰበሰቡ ለውይይቱ መነሻ እንዲሆን ሰባት ነገሮችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈ። በየዓመቱ ስንት ኮከብ ይወለዳል? ከኮከቦቹ ስንቶቹ ፕላኔት አላቸው? ከፕላኔቶቹ ስንቶቹ ለሕይወት ይመቻሉ? በስንቶቹ ላይ ሕይወት ይጀምራል? ከዚያስ ውስጥ ስንቱ ወደ አስተዋይ ፍጡር ያድጋል? ስንቱስ ከሩቅ የሚሰማ ምልክት ይልካል? በመጨረሻም፣ ምልክት መላክ የቻለ ሥልጣኔ ስንት ዓመት ይቆያል? ሰባቱ ሲባዙ ዛሬ በጋላክሲው ውስጥ ልናገኛቸው የምንችላቸውን ሥልጣኔዎች ቁጥር ይሰጣሉ።

በዚያን ቀን በመጠኑ የታወቀው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ዛሬ ያ ተለውጧል። በ1995 ሚሼል ማዮር እና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፀሐይን የምትመስለውን 51 ፔጋሲ የምትዞር ፕላኔት አገኙ፤ ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በ2009 የመጠቀው ኬፕለር ቴሌስኮፕ ቁጥሩን በሺዎች አሳደገው። በ2025 በእርግጠኝነት የታወቁት ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ ያሉ ፕላኔቶች 6,000 ደርሰዋል። ፕላኔት የሌለው ኮከብ ማግኘት ነው አሁን ብርቅ የሚሆነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከግምት ወደ ቆጠራ ተሸጋገረ። ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ግን ዛሬም ክፍት ናቸው፤ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያዎቹ የሚመጡትም ከዚያ በኩል ነው።

የወረቀቱ ላይ ጭረት

በ1967 በእንግሊዝ ካምብሪጅ፣ ከሰሜን አየርላንድ የመጣችው የዶክትሬት ተማሪ ጆስሊን ቤል በገዛ እጇ ጭምር የተተከለ የእንጨትና የሽቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ትከታተላለች። ቴሌስኮፑ በየቀኑ 30 ሜትር ያህል ወረቀት ይተፋል። ያን ሁሉ ወረቀት በዓይኗ እያየች መመርመር የእሷ ሥራ ነው። በነሐሴ አካባቢ ከሌላው ጋር የማይሄድ፣ ሩብ ኢንች እንኳ የማይሞላ ጭረት አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እሷ ግን ከዚህ ቀደም በዚያው የሰማይ ክፍል ማየቷን አስታወሰችና ወደ ድሮ ወረቀቶች ተመለሰች።

በኅዳር መጨረሻ መመዝገቢያውን በፍጥነት እንዲሮጥ አድርጋ ስታየው ጭረቱ ተበትኖ በየ1.3 ሴኮንዱ የሚመላለስ ምት ሆነ። ከሰዓት የማይዛነፍ ምት የሚያሰማ ኮከብ እስከዚያ ድረስ አልታወቀም። እሷና አስተማሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ምንጩን “ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች” በሚል ስያሜ መዘገቡት። ስያሜው ለቀልድ ቢሆንም ጥርጣሬው የምር ነበር፤ ማስታወቅ ቢያስፈልግ ለማን፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል የሚለው ሳይቀር ተነጋገሩበት።

መልሱን ያገኘችው ቤል ራሷ ናት። በታኅሣሥ ከገና በፊት ፈጽሞ ሌላ የሰማይ ክፍል ላይ ሁለተኛ ተመሳሳይ ምት አገኘች። ሁለት የማይተዋወቁ ሥልጣኔዎች በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ጊዜ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ፕላኔት ይጣራሉ ብሎ ማመን አይቻልም። ነገሩ የተፈጥሮ መሆን ነበረበት። ሆኖም ተገኘ፦ ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ታምቆ በፍጥነት የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ። ዛሬ ፐልሳር ይባላል። ለግኝቱ የተሰጠው የ1974 የኖቤል ሽልማት ለሂዊሽ ሲደርስ ቤል ተዘለለች፤ ይህም እስከ ዛሬ በሳይንሱ ዓለም ቅሬታ ያስነሣል።

ቤል ጭረቱን ካየች ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ማብራሪያ ያልተገኘለት ምልክት መጣ። ነሐሴ 1977 በአሜሪካ ኦሃዮ “ቢግ ኢር” የተባለው ቴሌስኮፕ ሰማዩን ይቃኛል። ቴሌስኮፑ አይዞርም፤ ምድር ስትዞር ሰማዩ በፊቱ ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ምልክት ሊሰማ የሚችለው ለ72 ሴኮንድ ብቻ ነው። ከቀናት በኋላ ጄሪ ኤማን የኮምፒውተሩን ህትመት ሲያገላብጥ ስድስት ፊደሎችና ቁጥሮች ዓይኑን ያዙት። ምልክቱ ቀስ ብሎ ጨምሮ፣ ከበስተጀርባው ጫጫታ 30 እጥፍ ደርሶ፣ ቀስ ብሎ ቀንሶ፣ በ72ኛው ሴኮንድ ጠፍቷል፤ ከሰማይ የመጣ ነገር ሊመስል የሚገባው ልክ እንዲህ ነው። ኤማን በቀይ እስክሪብቶ ከበበውና በጎኑ የአድናቆት ቃል ጻፈ።

ይሁን እንጂ ቴሌስኮፑ በሦስት ደቂቃ ልዩነት አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ የሚያይ ነበርና ምልክቱ ሁለት ጊዜ መታየት ነበረበት። የታየው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በትላልቅ ቴሌስኮፖች በተደጋጋሚ ቢፈለግም አልተመለሰም። ኤማን ራሱ ከሌላ ዓለም ነው ብሎ ለመደምደም ፈቃደኛ አልሆነም። አንድ ጊዜ ብቻ የታየን ነገር ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ ያልተጣራ ነገር ደግሞ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ ማስረጃ ተብሎ አይቆጠርም።

የምሳ ሰዓት ምልክት

በአውስትራሊያ ፓርክስ የሚገኘው 64 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ከ1998 ጀምሮ እንግዳ የሆኑ አጫጭር የሬዲዮ ፍንዳታዎችን ሲመዘግብ ነበር። በሴኮንድ ክፍልፋይ መጥተው ይጠፋሉ። አስቸጋሪ ያደረጋቸው በ2007 ዳንከን ሎሪመርና ባልደረቦቹ ይፋ ያደረጉትን፣ እጅግ ሩቅ ከሆነ ጋላክሲ የመጣ የሚመስል ፍንዳታ መምሰላቸው ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ የሎሪመር ግኝት ውድቅ ሊሆን ነው።

ኤሚሊ ፔትሮፍ የተባለች ተማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሰዓቱን ስትመረምር አንድ ነገር ታየ። ፍንዳታዎቹ የሚበዙት በሥራ ሰዓት፣ በተለይም ምሳ አካባቢ ነበር። ሰማይ የምሳ ሰዓት የለውም። በ2015 ቡድኑ በግቢው ያሉትን ማይክሮዌቭ ምድጃዎች ፈተነ። ምድጃው እየሠራ ሳለ ሰው ትዕግሥት አጥቶ በሩን ሲከፍት፣ መሣሪያው እስኪጠፋ ባለችው ቅጽበት ጨረር ያመልጣል፤ ሳህኑ በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ይመዘግበዋል። ምሥጢሩ የሚሞቅ ምሳ ነበር።

ከዚህ ምርመራ ትልቅ ትርፍ ተገኘ። የማይክሮዌቮቹ ምልክት ተለይቶ ሲወጣ የሎሪመሩ ፍንዳታ ከእነሱ የተለየ፣ በእርግጥም ከሩቅ ጠፈር የመጣ መሆኑ ጸና። ዛሬ ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታዎች ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆነዋል።

ያው ቴሌስኮፕ በ2019 ከፀሐይ ቀጥሎ ወደ እኛ ቅርብ ወደሆነችው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ዞሮ ሳለ 982 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ጠባብ ምልክት ያዘ። ሳህኑ ከኮከቧ ሲነሣ ምልክቱ አልታየም። ርቀቱ 4.2 የብርሃን ዓመት ብቻ ስለሆነ ወሬው ቶሎ ተሰራጨ። ተመራማሪዎቹ ግን ማጣራቱን ቀጠሉ። በ2021 ሶፊያ ሼክ የመራችው ቡድን በሌሎች ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ባሕርያቸው ተመሳሳይ የሆኑ ብዙ ምልክቶች አገኘ፤ እነዚያ ሳህኑ ኮከቧ ላይ ባልተነጣጠረበት ጊዜም ይታዩ ነበር። ይህም የሰው ሠራሽ መሣሪያ ውጤት ሆኖ ተመዘገበ።

ዳሎል ላይ ሁለት ቡድኖች

ፍለጋው በሬዲዮ ብቻ አይደለም። ሕይወት የት ድረስ ይዘልቃል የሚለውን የሚጠይቁ ሳይንቲስቶች በተደጋጋሚ የሚመጡት ወደ ሰሜን አፋር ነው።

ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አፋሮች አሞሌ ከሚቆርጡበት የጨው ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ከምድር ሥር የሚፈላ ውኃ ጨውና አሲድ ተሸክሞ ይወጣል። ኩሬዎቹ አረንጓዴ፣ ቢጫና ብርቱካንማ ናቸው። ለሚያያቸው ሕይወት የሞላባቸው ይመስላሉ፤ ቀለሙ ግን የመጣው አየር ሲነካው ከሚለዋወጠው የብረት ማዕድን ነው። የአሲድነቱ መለኪያ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጨውነቱም ከዚህ በላይ ሊሟሟ እስከማይችልበት ደርሷል። የጥንቷ ማርስ ምን ትመስል እንደነበር ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በግንቦት 2019 የስፔኑ ተመራማሪ ፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራው ቡድን ከዳሎል በወሰደው የማዕድን ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ማግኘቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በፈረንሳይ የምትሠራው ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያና ባልደረቦቿ ተቃራኒውን አሳተሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች፣ በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ ዓይነታቸው የበዛ ተሕዋስያን ሲገኙ፣ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕያው ነገር አልተገኘም አሉ። ውኃ አለ፤ ሕይወት የለም።

የቡድኑ ማስጠንቀቂያ ግን ከዚያም ያለፈ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ክብ፣ ደቃቅ፣ ልክ ሕዋስ የሚመስሉ ቅንጣቶች በዳሎል ሞልተዋል፤ ተመርምረው ሲታዩ ብዙዎቹ የማዕድን ብናኞች ናቸው። የተገኘው ጥቂት ዲኤንኤም በአመዛኙ ከሰው አካልና ከቤተ ሙከራ ዕቃዎች የገባ ብክለት ሆነ። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። በ1996 አንታርክቲካ ላይ በተገኘ የማርስ ድንጋይ ውስጥ የሕይወት ቅሪት የሚመስል ነገር ታየ ተብሎ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጥተው ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ያ ቅርጽ ያለ ሕይወትም ሊፈጠር እንደሚችል ይናገራሉ።

ዳሎል ሰው በእግሩ የሚደርስበት፣ ናሙና ተሸክሞ የሚመለስበት፣ ቢጠራጠር በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ነው። እዚያም ሆኖ ሁለት ብቁ ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ተቃራኒ መልስ ሰጡ።

አሁን ኬ2-18ቢን እንመልከት። ይህ ፕላኔት 124 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ወርዱ የምድርን 2.6 እጥፍ ነው። ከዚያ ናሙና የሚያመጣ የለም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ በከባቢ አየሩ ውስጥ ሾልኮ የሚመጣውን ቀጭን ብርሃን በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ተንትኖ የየትኛው ጋዝ አሻራ እንዳለበት ማየት። በኤፕሪል 2025 በካምብሪጅ ኒኩ ማዱሱዳን የመሩት ቡድን የዳይሜቲል ሰልፋይድ ፍንጭ ማየቱን አስታወቀ። ይህ ጋዝ በምድር ላይ በዋናነት የሚመነጨው በባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ተሕዋስያን ነው።

የዓለም ጋዜጦች ሲቀባበሉት ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው በሌላ ዘዴ ተነተኑት፤ በርካቶቹም አሳማኝ ምልክት አላየንም አሉ። ቡድኑ ራሱ የገለጸው እርግጠኝነት ግኝት ለማለት ሳይንስ ከሚጠይቀው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ይኸው ጋዝ ከአንድ ዓመት በፊት ሕይወት በማይታሰብበት ጅራታም ኮከብ ላይ መኖሩ ተዘግቦ ነበር።

ዝምታው ምን ያህል ነው?

ስድሳ ዓመት ተሰምቶ ምንም ካልተገኘ ብቻችንን ነን ማለት ነው? በ2018 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጄሰን ራይትና ባልደረቦቹ ጥያቄውን አሰሉት። ፍለጋ ማለት አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ፍሪኩዌንሲ፣ ሰዓት፣ የምልክት ኃይልና ዓይነት ሁሉ ይገቡበታል። ይህ ሁሉ የምድር ውቅያኖሶች ቢሆን፣ እስካሁን የተመረመረው አንድ ትንሽ መዋኛ ገንዳ የሚሞላ ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ዓሣ ባይገኝ ውቅያኖሱ ባዶ ነው አይባልም።

ከድሬክ ጥያቄዎች ሰባተኛው፣ የሥልጣኔ ዕድሜ፣ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በስምንት ቀናት ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆነዋል። ኅዳር 7 ቀን በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ 1,679 ነጠላ ምልክቶች ያሉት መልእክት ወደ ኤም13 የኮከቦች ክምችት ላከ፤ ጉዞው 25,000 ዓመት ያህል ይፈጃል። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ በአፋር ሐዳር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የድንቅነሽ ቅሪተ አካል ተገኘች። ከድንቅነሽ ዘመን እስከ እኛ ካለው ርዝመት ውስጥ ሬዲዮ ያለበት ጊዜ ከ130 ዓመት ብዙም አይበልጥም። ምድርን ከሩቅ የሚከታተል ሥልጣኔ ቢኖር ኖሮ በዚያ ሁሉ ዘመን ሊሰማን የሚችልበት ጊዜ ይህችው ናት።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህን የሚያቀርብ ሌላ ምሳሌ አለ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለ112 አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቁት በእነዚህ ስሞች ነው። አቦል ከጁፒተር የሚበልጥ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው፤ አንዴ ወደ ኮከቡ ቀርቦ፣ አንዴ እጅግ ርቆ ስለሚዞር ለሕይወት አይመችም። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል።

እንበልና በአቦል ዙሪያ የምትዞር አንዲት ጨረቃ ላይ ከእኛ የሚበልጥ ቴሌስኮፕ ያለው አስተዋይ ፍጡር ቢኖር፣ ዛሬ ወደ ምድር ቢያዞረው የሚደርሰው ብርሃን በዘመነ መሳፍንት ከዚህ የተነሣ ነው። ሬዲዮ ገና አልተፈጠረም። ጋዙን ቢመረምር ኦክስጅን ያያል፤ ሕይወት መኖሩን ይጠረጥራል። ለሥልጣኔ ምልክት ጆሮውን ቢሰጥ ግን ምንም አይሰማም፤ ለረጅም ጊዜም አይሰማም። እኛም ዛሬ ዝም ያሉ የሚመስሉንን ዓለማት የምናየው በዚሁ መንገድ፣ እያንዳንዱን በሌላ በሌላ ዘመኑ ነው።

የሚቀጥለው አጠራጣሪ ምልክት ከአፍሪካ ሊመጣ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት ቴሌስኮፕ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ሥራውን ሳያቋርጥ የሥልጣኔ ምልክትም እየፈለገ ነው፤ ዕቅዱ አንድ ሚሊዮን ኮከቦችን መመርመር ነው። ተራርቀው የተተከሉ ብዙ ሳህኖች አንድን ምልክት እኩል ሲቀበሉ ከሰማይ መጣ ወይስ ከምድር የሚለውን ከአንድ ሳህን በተሻለ ይለያሉ። እዚያው እየተገነባ ያለው አዲሱ ቴሌስኮፕ ሲጠናቀቅ ሳህኖቹ 197 ይሆናሉ።

አንድ ቀን ምልክት ቢገኝ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ስምምነት ተደርሶበታል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ምርምር አካዳሚ በ1989 ባጸደቀው መግለጫ መሠረት ያገኘው ሰው መጀመሪያ ራሱ ያጣራል፤ ቀጥሎ በሌላ ቦታ ያሉ ተመራማሪዎች በራሳቸው መሣሪያ እንዲያጣሩት መረጃውን ይሰጣል። ከተረጋገጠ ለሕዝብ ሳይደበቅ ይነገራል፤ የዓለም አገሮች ሳይመክሩበትም መልስ አይላክም። ከ1960 ወዲህ እስካሁን የመጀመሪያውን ደረጃ ያለፉ ምልክቶች ነበሩ፤ ሁለተኛውን ያለፈ የለም።